ከመዝገቡ ይውጡ የተባሉት ባላምባራስ

በአንዲት የአውራጃ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአገሩን የቆዩ መዛግብት የምትጠብቅ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። አንድ ቀን የአውራጃው ገዥ ፊታውራሪ ዘገየ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ገቡና፣ "ባላምባራስ አይሸሹም የሚባሉት አያቴ በፈረስ ላይ ሆነው የተቀረጹበት ሐውልት እሑድ ይመረቃል። እስቲ ጀግንነታቸውን ከመዝገቡ አንብቢልኝ" አሏት።

ሴትዮዋም ገልጣ አነበበች፦ "ባላምባራስ አይሸሹም የጠላት ነጋሪት ገና ከሩቅ ሲሰማ፣ ፈረሳቸውን እንኳ ረስተው በእግራቸው ሦስት ወንዝ ተሻገሩ።"

አጃቢዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ፊታውራሪ በከዘራቸው ጠረጴዛውን መቱና፣ "ወይ አያቴን አሁኑኑ ከዚህ መዝገብ ታስወጪያለሽ፣ ወይ አንቺ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ!" ብለው ጮኹባት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ሥራው እንጀራዋ ነው። ግን በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ሳይሸሹ የሞቱ የአርባ ሰዎች ስም ተጽፏል፤ ወረቀቱ ከተቀደደ እነሱም አብረው መጥፋታቸው ነው። ስለዚህ መዝገቡን እንደተገለጠ ወደ ፊታውራሪ አስጠጋችና እጅ ነስታ እንዲህ አለች፦

"ጌታዬ፣ እሳቸውን ለማስወጣትማ እኔም አላስፈልግም። እርስዎ ብቻ ጠጋ ብለው 'ጦር መጣ!' ይበሏቸው፤ ራሳቸው ይወጣሉ።"