የእቴነሽን ቋጠሮ ማን ይፍታው?

ተረት ልንገራችሁ፤ በረት የለውም፣ ቢሮ ግን ሞልቶታል።

እቴነሽ የምትባል ሴት፣ ልጅ መውለድ አማራት። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ስትወልድ፣ ባሏ ደም ፍለጋ በወጣበት፣ የባሏ ወንድም ደስታው ፈረመና የማህፀኗ ቱቦ ተቋጠረ። እሷን የጠየቀ የለም። ሕፃኑም ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

ሐኪም ጋ ሄደች። «ቱቦው ሊቀጠል ይችል ይሆናል፤ ካልሆነም ከማህፀን ውጭ ማዳቀል አለ። ግን እንዴት እንደተቋጠረ ልወቅ፤ ያለ ድሮው ካርድሽ አልነካም። ቶሎ በይ፣ ዕድሜ አይጠብቅም» አላት።

ካርድ ክፍል ሄደች። «ካርዱን አውጪልኝ፣ ሐኪሙ ይቀጥልልኝ፣ ልውለድ።»

«ዳይሬክተሩ ሳይፈርም? አላወጣም፣ እናቴ።»

ዳይሬክተሩ ጋ ሄደች። «ይፈርሙልኝ፣ ካርዱ ይውጣ፣ ሐኪሙ ይቀጥልልኝ፣ ልውለድ።»

«ያኔ የፈረመው ሰው ራሱ ካልመጣ አልፈርምም» አላት፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል።

ደስታው ጋ ሄደች። «ና፣ ዳይሬክተሩ ይፈርም፣ ካርዱ ይውጣ፣ ሐኪሙ ይቀጥልልኝ፣ ልውለድ።»

«ነፍስሽን ባዳንኩ ልከሰስ ደግሞ? አልመጣም!»

እድሩ የተሰበሰበ ዕለት ሄደች፤ ደስታውም ከአባላቱ መሃል ተቀምጧል። «ደስታውን ጠይቁልኝ፤ እሱ ይምጣ፣ ዳይሬክተሩ ይፈርም፣ ካርዱ ይውጣ፣ ሐኪሙ ይቀጥልልኝ፣ ልውለድ።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ሳቁ። «ልጄ፣ እድር ለቀብር እንጂ ለማህፀን አይደለም።»

እንግዲህ እድሩ አይጠይቅም፣ ደስታው አይመጣም፣ ዳይሬክተሩ አይፈርምም፣ ካርዱ አይወጣም፣ ሐኪሙ አይቀጥልም፣ እቴነሽ አትወልድም።

«ቀብርማ ቀብራችሁኛል!» ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። «በሉ፣ ሳይወለዱ ለቀሩት ልጆቼ ድንኳን ትከሉ! እዝን አምጡ!»

የእድሩ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከዚያ ሁሉም ተቀምጠው ሙሾ ያወርዱ ጀመር። ጋሽ ወልደሰንበት ሳቃቸው ጠፋ፤ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ እንዴት እንደሚነሣ በመተዳደሪያ ደንባቸው አልተጻፈም።

«ተነሥ፣ አንተ ደስታው!» ብለው ጮኹ። «ዛሬውኑ ሂድ!»

እድሩ ጮኸ፣ ደስታው ሄደ፣ ዳይሬክተሩ ፈረመ፣ ካርዱ ወጣ፣ ሐኪሙ ቀጠለ፣ እቴነሽ ሴት ልጅ ወለደች።

ካርዱ አንድ ገጽ ነበር። ከመደርደሪያው ለማውረድ ሁለት ደቂቃ በቃ። እስከዚያች ሁለት ደቂቃ ለመድረስ ግን ስድስት ዓመት።

ተረቴን መልሱ አልላችሁም። ስድስቱን ዓመት መልሱላት።