እንጉዳይ ሸክላ ሠሪዋና የትምህርት ቤቱ መስኮት

ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ የዱሮ ነገር ነው፤ እኔ ሳልፈጠር፣ እናቴም ገና በአንቀልባ ሳለች የሆነ። እናቴ ከእናቷ ሰማች፣ እኔ ከእናቴ ሰማሁ፣ እናንተ ደግሞ ዛሬ ከእኔ ትሰማላችሁ።

ጎድጓዲት የምትባል መንደር ነበረች። ከመንደሯ በታች ወንዝ ነበር። ከወንዙ ማዶ ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። የጎድጓዲት ሰው በእነሱ ድስት ወጥ ይሠራል፣ በእነሱ እንስራ ውሃ ይቀዳል፣ በእነሱ ጋን ጠላ ይጠምቃል። ከእነሱ ጋር ግን አይበላም። ልጁን ለልጃቸው አይድርም። ከደጁም አያሳልፋቸውም። «ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ» ይላል። ሸክላ ሠሪዋ ድስቷን ይዛ ስትመጣ ከአጥር ውጭ ትቆማለች። ድስቱ ይገባል፤ እሷ ትመለሳለች።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷ እንጉዳይ ትባል ነበር። ባሏ ሞቶባታል። ጠጂቱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። እንጉዳይ አጭር፣ ጠየም ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች ይላሉ። ጥፍሯ ሥር ጭቃ አይጠፋም ነበር ይላሉ። ከዚህ ሌላ ስለ መልኳ የሚነገር የለም።

በዚያ ዘመን በጎድጓዲት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተሠራ። አንድ ክፍል ብቻ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ በስተምሥራቅ አንድ መስኮት። ልሳነወርቅ የሚባል ወጣት መምህር ከከተማ ተልኮ መጣ። ልጆቹ ጠዋት ይሰለፋሉ። እጃቸውን ዘርግተው ጥፍራቸውን ያሳያሉ። ዘምረው ይገባሉ። መምህሩ በአርጩሜው ፊደሉን እየነካ «ሀ» ይላል፤ ልጆቹ «ሀ» ይላሉ። «ሁ» ይላል፤ «ሁ» ይላሉ። ከዚያ በባቄላ መቁጠርና መደመር ይማራሉ። ትምህርቱ ቀስ ያለ ነበር፤ አንዱን ፊደል ልጆቹ ሁሉ አጥርተው ሳይጽፉት መምህሩ ወደ ሌላው አያልፍም። ድምፃቸው ወንዙን ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

ጠጂቱ ያን ድምፅ ሰማች። «እማዬ፣ እኔስ?» አለች።

እንጉዳይ የያዘችውን ጭቃ አስቀመጠች። የልጇን ፊት አጠበች። ፀጉሯን ቅቤ ቀባች። እጇን ይዛ ወንዙን ተሻገረች።

ትምህርት ቤቱ ደጅ ሲደርሱ ልጆቹ ሸሹ። አባቶች ተሰበሰቡ። የመንደሩ ጭቃ ሹም አድገህ ይባላል፤ እሱ ወደ ፊት ወጣና፣ «መምህር፣ ይቺ ከገባች የእኛ ልጆች ይወጣሉ» አለ።

መምህር ልሳነወርቅ መሬት መሬት አየ። ቀለቡ ከመንደሩ ነው። የሚያድርባትም ጎጆ የጭቃ ሹሙ ናት። ወደ እንጉዳይ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ትቀመጥ። ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትሰማለች» አላት።

«ከሰማችማ ይበቃናል፣ ጌታዬ» አለች እንጉዳይ።

ከመስኮቱ ሥር ትንሽ የጭቃ መደብ ሠራችላት። ጠጂቱ እዚያ ተቀመጠች። ልጆቹ «ለ» ሲሉ እሷም ከውጭ «ለ» ትላለች። መምህሩ ፊደሉን ሲነካ ብድግ ትልና በመስኮቱ ታያለች፤ አይታ ትቀመጣለች። የበልጉ ዝናብ መጣ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ወደ መሐል ተጠጋጉ። ጠጂቱ ውጭ ናት። እንጉዳይ ቁርበት ይዛ ወንዙን ተሻገረች፤ ከልጇ በላይ ዘርግታው ቆመች። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሥራዋ ሄደች። በማግስቱ ዘነበ፤ በማግስቱም መጥታ ቆመች። መምህሩ በመስኮቱ አያት። ዓይኑን ሰብሮ «ሉ» አለ።

ልጆቹ የሚጽፉበት አልነበራቸውም። መሬት ላይ በእንጨት ይጭሩ ነበር። እንጉዳይ ለልጇ ስስ የሸክላ ሰሌዳ ሠራችላት፤ በከሰል ይጽፉበታል፣ በቅጠል ይጠርጉታል። ልጆቹ አዩት። ሁሉም አማረው። መምህሩ ወጥቶ፣ «እትዬ እንጉዳይ፣ ለልጆቹ ሁሉ ብትሠሪላቸው» አላት። ሠራች። አንዱንም ሳታጎድል ሠርታ፣ በጀርባዋ አዝላ አመጣች። ጭቃ ሹሙ አንዱን አነሣ፣ ገለባበጠው፣ በጣቱ መታው፣ ጥሩ ድምፅ ሰጠ። «ይግባ» አለ።

ሸክላው ገባ። ልጅቷ ውጭ ቀረች።

ይህ የመጀመሪያው በደል ነው። ሁለተኛውን ስሙኝ።

ትምህርቱ ገና «መ» ላይ ሳለ የጭቃ ሹሙ ልጅ ደምለው ታመመ። ሰውነቱ ነደደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቃዠ። በወንዙ ዳር በዚያ ወራት የማይንቀጠቀጥ ሰው አልነበረም፤ የእሱ ግን «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በመስኮቱ አይታው ነው» ተባለ። አድገህ ሰዎች አስከትሎ መጣ። የጭቃውን መደብ በመቆፈሪያ አፈረሰው። ጠጂቱ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

«ያቺን ልጅ ከእንግዲህ እዚህ ካየኋት፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጎጆ ሁሉ አነደዋለሁ!» አለ አድገህ።

መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልጆቹን ሰብስቦ ገባ።

ደምለው ዳነ። ሲድን ግን «ለካ አልበላችውም» ያለ ሰው አልነበረም።

መደቡ በፈረሰ ዕለት ማታ ሸክላ ሠሪዎቹ እንጉዳይን፣ «ተይው እባክሽ፣ ልታስፈጂን ነው?» አሏት። እንጉዳይ ግን፣ «የተከለከለችው ልጅቷ ናት። እኔን ማንም አልከለከለኝም» አለች።

በማግስቱ ብቻዋን መጣች። የፈረሰው መደብ ጓል ላይ ወጥታ በመስኮቱ አየች። በመዳፏ እርጥብ ጭቃ ይዛለች። መምህሩ «ሠ» ብሎ ሲነካ፣ ያየችውን በጥፍሯ ጭቃው ላይ ጫረችው። በቅጠል ጠቀለለችው። ድምፁ እንዳይጠፋባት ደግሞ «ሠ፣ ሠ፣ ሠ» እያለች ወንዙን ተሻገረች። ቤቷ ስትደርስ ጭቃውን ፈታች። ጠጂቱ አየችው፣ እናቷ «ሠ» አለቻት፣ እሷም በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፈችው።

እንዲህ እያለች ፊደሉን በመዳፏ አመላለሰች። ፀሐይ ሲበረታ ጭቃው መንገድ ላይ ይሰነጠቃል፤ ፊደሉም አብሮ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ትመለሳለች። ድስት ሽጪልኝ ብሎ የሚያቆማት ሰው ሲኖር ድምፁ ይጠፋባታል። ያን ጊዜም ትመለሳለች። ራሷ ማንበብ አትችልም ነበር። ለመማርም አላሰበችም። ውሃ እንደሚያመላልስ ሰው ነበረች፤ ጥሙ የልጅቷ ነው።

ሦስተኛው የከፋው ነው።

መንገድ ላይ ስታልፍ ሰዎች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አዩ። «በ፣ በ፣ በ» ትላለች። አንዲት ሴት ሰምታ፣ «ትደግማለች! መንደሩን ልትጨርስ ነው!» ብላ ጮኸች። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። አባቶች ለልጆቻቸው፣ «ስታልፍ አታሳልፏት» አሉ። የእነሱ እጅ እንዳይነካት ፈርተው ነው፤ ልጆቹን ላኩ።

«ተ» በተማሩ ቀን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው ወንዙ መውረጃ ላይ ጠበቋት። እሷ ጭቃዋን በደረቷ ይዛ «ተ፣ ተ፣ ተ» እያለች ስትወርድ ድንጋይ ዘነበባት። አልሮጠችም፤ ብትሮጥ ጭቃው ይወድቃል። አንዱ ድንጋይ ቀኝ ጆሮዋን፣ ሌላው ግራውን መታት። ደም በደም ሆና ቤቷ ገባች። ጭቃውን ፈታች። «ተ» አለች። ወደቀች።

ቁስሉ ዳነ። ጆሮዋ ግን ጠፋ።

ታዲያ ምን አደረገች? ጭቃዋን ይዛ መጣች። በመስኮቱ አየች። ጫረች፣ ጠቀለለች፣ ተሻገረች። አሁን መንገድ ላይ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ጠጂቱ ጭቃውን አየችና፣ «እማዬ፣ ይቺ ማን ትባላለች?» አለች። እንጉዳይ የልጇን አፍ አየች። ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቷታል። መልሱ ግን የላትም። ጠጂቱ እንዲሁ ጻፈችው። በማግስቱም ሌላ መጣ፣ እንዲሁ ጻፈችው። ከ«ተ» ወዲያ ያሉት ፊደሎች በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ስም አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጠጂቱ ግድግዳው ፊት ተቀምጣ ስታለቅስ እናቷ አገኘቻት። ያን ጊዜ እንጉዳይ ቆረጠች። ወንድሟ ሸክላ ጭኖ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። «ይዘሃት ሂድ። የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የሌለበት ከተማ አድርሰህ አስገባልኝ» አለችው። ልጅቷ ሄደች። እናቷ እስከ ወንዙ ሸኘቻት። ጠጂቱ ዘወር ብላ ተጣራች ይላሉ። እናቷ አልሰማችም።

ጠጂቱ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች አይታወቅም። ተምራ ትልቅ ሰው ሆነች የሚሉ አሉ። በሄደችበትም ሸክላ ስትሠራ ኖራ ሞተች የሚሉ አሉ። እናቴ «አላውቅም» ትል ነበር፤ እኔም አላውቅም።

እንጉዳይ ግን መምጣቷን አልተወችም። ጎረቤቷ በእጇ ምልክት እያሳየች፣ «ልጅቷ የለች፣ አንቺ አትሰሚ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አለቻት።

«እዚያም ደጅ ካስቀሯት ትመለሳለች። ስትመለስ የጎደላትን ከየት ታገኘዋለች?» አለች እንጉዳይ።

መምህር ልሳነወርቅ በመስኮቱ እያያት ሰንብቷል። አንድ ቀን ልቡ አልችል አለው። አርጩሜውን ጥሎ ወጣ። ፊቷ ቆመና፣ «እትዬ እንጉዳይ፣ በደልኩሽ። ፈርቼ ነው። ግቢ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀመጪ። ልጅሽንም አምጫት፤ የፈለገው ይምጣ» አለ። ብዙ ተናገረ። እያለቀሰ ተናገረ።

እንጉዳይ አፉን አየች። እስኪጨርስ በትሕትና ጠበቀችው። ከዚያ ጆሮዋን ነካ አድርጋ፣ «አልሰማም፣ ጌታዬ» አለች። መዳፏን ዘርግታ ጭቃውን አሳየችው። «ደህና አድርጌ ጽፌዋለሁ?»

ደህና አድርጋ ጽፋዋለች። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ሊወስዳት ቢል እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። ከበሩ ላይ አባቶች ቆመው እንዳባረሯት ታውቃለች። ወደ መስኮቷ ተመለሰች። እሱም ገባ።

የታኅሣሥ ውርጭ መጣ። አንድ ጠዋት ልጆቹ ተሰለፉ፣ ጥፍራቸውን አሳዩ፣ ዘምረው ገቡ። መምህሩ እንደ ልማዱ፣ «ያልመጣ ማን አለ?» አለ። «ሁሉም መጥቷል!» አሉ። ፊደል አነበቡ። ባቄላ ቆጠሩ። በሸክላው ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ጠረጉ፣ ጻፉ። አንዱ ሲሳሳት ሳቁ። ለምሳ ተለቀቁ። ያን ጊዜ አንዲት ትንሽ ልጅ በመስኮቱ በኩል ዞራ ሄደች፤ ሮጣም ተመለሰች።

እንጉዳይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። መዳፏ ላይ ያለው ጭቃ ምንም አልተጻፈበትም። ማለዳ መጥታ፣ ልጆቹ ሳይገቡ ሞታለች። ያ ሁሉ ንባብ፣ ያ ሁሉ ዝማሬ፣ ያ ሁሉ ሳቅ እሷ ከግድግዳው ወዲያ ሞታ ሳለች ነው።

የጎድጓዲት ሰው አልነካትም። ከወንዙ ማዶ ወገኖቿ ቃሬዛ ይዘው መጡ። መምህሩ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። ሌላ ያገዘ የለም። ከመንደሩ አንድም ሰው ወደ ቀብሯ አልወረደም። የዚያን ዓመት በጋ ሳይወጣ ሸክላ ሠሪዎቹ ጎጆዋቸውን ነቅለው ከዚያ አገር ጠፉ።

ከቀብሩ ማግስት መምህር ልሳነወርቅ በክፍሉ መሐል ቆመ። «ያልመጣ ማን አለ?» አለ። «ሁሉም መጥቷል» አሉ። አርጩሜውን አላነሣም። «ውጭ የቀረስ?» አለ። ልጆቹ ወደ መስኮቱ አዩ። የጭቃ ሹሙን ልጅ ደምለውን ጠራው። «ውጣ። ቤቱን ዙረህ እይ።» ደምለው ወጣ። በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ እርምጃው ተሰማ። ተመልሶ፣ «ማንም የለም» አለ። ያን ጊዜ መምህሩ ማስተማር ጀመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎድጓዲት ሳይጠየቅ ትምህርት አይጀመርም። የሣሩ ቤት ፈርሶ በቆርቆሮ ተሠራ፤ ልማዱ አልፈረሰም። ከሌላ አገር የሚመጣ መምህር ነገሩን ባያውቅ ልጆቹ ራሳቸው፣ «መምህር፣ ውጭ የቀረ አለ ወይ በሉን» ይሉታል። አንድ ልጅ ይወጣል፣ ቤቱን ይዞራል፣ ይመለሳል። «እንጉዳይን ማየት» ይሉታል። «ዛሬ እንጉዳይን የሚያይ ማን ነው?» ይባባላሉ፤ እኔ ልሂድ እኔ ልሂድ ብለው ይጣሉበታል።

እኔም በዚያ ሳልፍ ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጁ ሮጦ ወጣ፣ ዞረ፣ ገባ። «ማንም የለም!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሁሉ ደስ ብሎት «ሀ» ማለት ጀመረ። ልጁ አልዋሸም። ከወንዙ ማዶ ዛሬ ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ ደጅ የሚቀር ሰው ከየት ይመጣል?