ሐይቁ ዳር የተከመረ ግንድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ደን ያለው ባለጸጋ። ጥያቄሽን ሸሽቼ አይደለም፣ ትርንጎ። «ዶክተር፣ የገዛ ጡቴ ወተት ልጄን እንዴት ይጎዳዋል? እንዴት ቀንሺ ይሉኛል?» ነው ያልሽኝ። እንባሽን ጥረጊና ይህን ሰው ስሚልኝ።

የባለጸጋው ልጅ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ቤት መሥራት ጀመረ። ክረምት ሳይገባ ካልተከደነ ግድግዳው በዝናብ ይሟሟል። የደሴቷም አፈር ጥቂት ስለሆነ ለሁለተኛ ቤት የሚበቃ ጭቃ አይገኝም።

ዕቃ የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነበር። ስለ እነዚያ ቀዛፊዎች ሳወራ ደስ ይለኛል! ቤት ሲሠራ ከየመንደሩ ተጠራርተው ይመጣሉ፤ ቤቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ይሄዱና የቀሩት ቀለብና የጥገና ዕቃ ብቻ ያሻግራሉ። ማንም ሳያዛቸው! ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳውን በየተራ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ደንባቸው አንድ ነው፤ ዳር ቀድሞ የደረሰ ጭነት ቀድሞ ይጫናል፣ የሀብታም የድሃ የለም።

አባትየው ልጁን በጣም ይወዳል። ከደኑ ግንድ እያስቆረጠ ሌት ተቀን ላከ። ግንዱ ጥሩ ነው፤ ያለ ግንድ ቤት አይቆምም። ግን ዳሩን ሞላው። ቀዛፊዎቹም በደንባቸው እሱኑ ሲያሻግሩ ዘመድ የላከው ሣርና ድንጋይ እዚያው ተቀምጦ ሰነበተ።

ሰማዩ ሲጠቁር አባትየው ቤቱን ሊያይ ተሻገረ። ልጁ የግንድ ክምር ላይ ተቀምጧል፤ ቤቱ ክዳን የለውም።

«ምን አጎደልኩብህ?» አለው።

«አባባ፣ እርስዎ ምንም አላጎደሉብኝም። ሣሩና ድንጋዩ ግን ታንኳ አጡ።»

 አባትየው ተመልሶ የገዛ ግንዱን ከዳር እያስነሳ ወደ ደኑ መለሰ፤ ለምሰሶና ለማገር የሚበቃውን ብቻ አስቀረ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው ቤቱ ከተከደነ በኋላ ነው። እኔ ይህን አባት አደንቀዋለሁ።

ልጄ፣ ደሴቷ የልጅሽ አንጎል ናት። ወተትሽ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲፈጭ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ብዙ ዓይነት የግንባታ ዕቃዎች ይወጡታል፤ ከደም ወደ አንጎል የሚያሻግሯቸው ተሸካሚዎችም እንደ እነዚያ ታንኳዎች ናቸው። በጨቅላነት ተሸካሚዎቹ ብዙ ሆነው የሚሯሯጡት አንጎሉ ገና እየተሠራ ስለሆነ ነው። እንደ እኔ ላረጀ ጥገናው ይበቃዋል። የአንቺ ልጅ ሰውነት ግን ከዕቃዎቹ አንዱን ለውጦ መጨረስ አይችልም። ያ አንዱ ደሙ ውስጥ ይከመርና ታንኳውን ሁሉ ይይዛል፤ ሌሎቹ ዳር ይቀራሉ። ወተትሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጨርሰሽ ተዪም አላልኩሽም፤ ጥቂቱ ያስፈልገዋል፣ የቀረውን ይህ ያ አንዱ ዕቃ የሌለበት፣ ለእሱ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይሙላለት።

ጡትሽ አግቶ እያመመሽ፣ እሱም እያለቀሰ፣ ልኩ ላይ ስታቆሚ የጨከንሽበት ይመስልሻል። ያን ጊዜ አንጎሉን እየሠራሽለት እንደሆነ እወቂ። ገና አልረፈደም።