አልጋው እስኪጠብ

ተረት ተረት፤ የአናጢ ቤት።

በሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ይመር የሚባል አናጢ ነበረ። ሉባባ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረችው። ከድጃ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ሞተች። አርባዋ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ይመርና ሉባባ ቀሩ። አልጋው ግን ለሦስት ሰው የተሠራ ነበር።

አንድ ጠዋት ሉባባ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ «አባዬ፣ አልተኛም» አለች።

«ነግቷል እኮ። ማን ተኚ አለሽ?»

«ትናንትም አልተኛሁ፣ ከትናንት ወዲያም አልተኛሁ። ዛሬም አልተኛም። አልጋው ሰፊ ነው። በዚያ በኩል ብርድ ይመጣል። አጥብበው።»

ይመር ወደዚያ በኩል አየ። በግድግዳው በኩል ያለው የከድጃ ቦታ ነው። ሁለቱም እዚያ አይተኙም።

«አጠብበዋለሁ» አለ።

ሜትሮውን ዘርግቶ ለካ። አንድ ክንድ ከስንዝር ይወጣለታል። ራስጌው፣ ግርጌው፣ ርብራቡ፣ ሁሉም እኩል መቆረጥ አለበት። የእጅ መጋዙን አነሳ። አልጋው ግን የዋንዛ አልጋ ነው፤ ሦስት ሰው ተሸክሞ የኖረ አልጋ ደግሞ መናገር አያቅተውም።

«በዚህ እጅህ?» አለው። «ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ ይንቀጠቀጣል። ጠማማ ትቆርጠኛለህ፣ ራስጌዬ ከግርጌዬ አይገጥምም። ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ካላመጣህ አልጠብም።»

እውነቱን ነው። ይመር እጁን አየው፣ ኪሱ ከተተው።

ልጅቷ አልተኛም አለች፣ አልጋው አልጠብም አለ፤ ይመርም ባለጠረጴዛ መጋዝ ሊገዛ ወጣ።

መሸጫው ውስጥ ሦስት መጋዞች ቆመዋል። ትልቁ፣ «እኔ የፋብሪካ መብራት ነው የለመድኩት» አለ። የይመር ቤት አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ነጋዴው ሲያስነሳው እንደ ፍየል ግልገል ዘለለ።

«ፈጣን ነው» አለ ነጋዴው።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ ይመር።

ሦስተኛው አሮጌ ነው። ጠረጴዛው ወፍራም ብረት ነው። ይመር መዳፉን አሳረፈበት። ቀዝቃዛ ነው፣ ዝም ይላል። ክቡን ስለት በጣቱ አዞረው፤ ሲዞር ግራ ቀኝ አላለም። እንጨት ተደግፎት የሚሄደውን መምሪያ ብረት ወደ ስለቱ ገፋው፤ ከፊትም ከኋላም ከስለቱ እኩል ራቀ።

«ይህን» አለ። አራት ሰዎች ተሸክመው ሥራ ቤቱ አስገቡለት።

ሰዎቹ እንደወጡ መጋዙ ተናገረ። «አልቆርጥም።»

«ለምን?»

«ጠረጴዛዬን ተጫንና እይ።»

ተጫነው። ተንገዳገደ።

«በሚንገዳገድ ጠረጴዛ ላይ የሚቆርጥ መጋዝ ጣት ይበላል» አለ መጋዙ። «አንተ ደግሞ ፀጉሯን የምትጎነጉንላት ልጅ አለችህ። ጠረጴዛው ይርጋ፣ እቆርጣለሁ።»

ይመር ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን ለመነው። «እርጋ እንጂ፤ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ልጅቷ አልተኛም አለች።»

«አልረጋም» አለ ጠረጴዛው። «አራቱም እግሮቼ እኩል ናቸው። የምትለምነውን ተሳስተሃል፤ ከሥሬ ያለውን ጠይቅ።»

ይመር ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ ወደ በሩ ሸሸች።

«ተስተካከል እንጂ» አለው ወለሉን። «ጠረጴዛው አልረጋም አለ፣ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ልጅቷ አልተኛም አለች።»

«አልስተካከልም» አለ ወለሉ እያዛጋ። «እኔ አፈር ነኝ። ሲዘንብ አብጣለሁ፣ ሲደርቅ እሰምጣለሁ። ሲሚንቶ አልብሰኝ፣ ያን ጊዜ እስተካከላለሁ።»

ሲሚንቶው ጥግ ላይ በከረጢቱ ተቀምጧል። ይመር ከረጢቱን መታ መታ አደረገው። «ተነስ፣ ቡካ። ወለሉ አልስተካከልም አለ፣ ጠረጴዛው አልረጋም አለ፣ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ልጅቷ አልተኛም አለች።»

«አልቦካም» አለ ሲሚንቶው፤ ሲናገር አቧራ ወጣው። «ያለ ውሃ ማን ቦክቶ ያውቃል?»

ይመር ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ሳል ብቻ ነው ያወጣው። ከሩቅ፣ ከምድር ውስጥ፣ የውሃዋ ድምፅ መጣ።

«ነይ እንጂ» አላት። «ሲሚንቶው አልቦካም አለ፣ ወለሉ አልስተካከልም አለ፣ ጠረጴዛው አልረጋም አለ፣ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ልጅቷ አልተኛም አለች።»

«አልመጣም» አለች ውሃዋ። «ፈረቃችሁ ሐሙስ ነው።»

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

«ታዲያ ትናንት የት ነበርክ? እህቴ በእትዬ ስንዱ በርሜል ውስጥ አለች፤ እሷን ለምናት።»

እትዬ ስንዱ ጎረቤት ናቸው፤ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት። በራቸው ላይ ሰማያዊ በርሜል አለ፣ ጎድሎ አያውቅም። ይመር በጓሮ በኩል ዞሮ ሄደ፣ ከአጥሩ ወዲያ ቆመ።

«እትዬ፣ ውሃ ይቅዱልኝ። ውሃዋ አልመጣም አለች፣ ሲሚንቶው አልቦካም አለ፣ ወለሉ አልስተካከልም አለ፣ ጠረጴዛው አልረጋም አለ፣ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ሉባባ አልተኛም አለች።»

እትዬ ስንዱ ወገባቸውን ይዘው ሰሙት። «ይኼን ሁሉ ቃል እዚያ ሆነህ ነበር የምታጠራቅመው? እኔ ዲዳ ሆነ ብዬ ነበር።»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ሰው በፊት ለፊት በር ይመጣል። ድስቴስ?»

በለቅሶው ሰሞን የምስር ወጥ ያመጡበት ድስት ነው። ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

«ልመልሰው ነበር» አለ።

«ባዶውን? ከድጃ እኮ የሰው ዕቃ ባዶውን መልሳ አታውቅም። አንዴ ቢቸግራት ሁለት ሎሚ አስቀምጣ ነው የላከችልኝ። አንተ ልትጀምር ነው?» ድምፃቸው ዝግ አለ። «ድስቴ ሳይመጣ አልቀዳም፣ ይመር። ውሃውን ሰስቼ አይደለም።»

ይመር ተመልሶ ድስቱን ከመደርደሪያው አወረደው። «ና ልመልስህ። እትዬ ስንዱ አልቀዳም አሉ፣ ውሃዋ አልመጣም አለች፣ ሲሚንቶው አልቦካም አለ፣ ወለሉ አልስተካከልም አለ፣ ጠረጴዛው አልረጋም አለ፣ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ልጅቷ አልተኛም አለች።»

«ባዶዬን አልሄድም» አለ ድስቱ። «የሰማኸው ነው።»

ቤቱ ውስጥ ምን አለ? ይመር ፈለገ። አንድ ጣሳ ሽምብራ አገኘ። ጣሳውን ከድጃ ነበረች የከደነችው። ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከፈተው።

«ግባ» አለው ሽምብራውን። «ድስቱ አልሄድም አለ፣ እትዬ ስንዱ አልቀዳም አሉ፣ ውሃዋ አልመጣም አለች፣ ሲሚንቶው አልቦካም አለ፣ ወለሉ አልስተካከልም አለ፣ ጠረጴዛው አልረጋም አለ፣ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ልጅቷ አልተኛም አለች።»

«ጥሬዬን አልገባም» አለ ሽምብራው። «ሴትዮዋ ጥርሳቸው ስንት ነው? ቆልተህ አስገባኝ።»

ይመር ምድጃው ላይ ጎንበስ አለ። አርባ ቀን እሳት ያልነደደበት ምድጃ ነው፤ የሚበሉት ጎረቤት ያመጣላቸውን፣ ሲያልቅም ዳቦ ነው። «ያዝ እንጂ» አለው እሳቱን። ክብሪቱን ሦስት ጊዜ ጫረ።

«በግንድ አልያዝም» አለ እሳቱ። «ፍቅፋቂ አምጣ።»

ፍቅፋቂው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተከምሯል፤ ከመላጊያ የወጣ ቀጭን፣ የተጠቀለለ፣ እንደ ፀጉር። ከድጃ ነበረች የምትጠርገው። ይመር በርከክ ብሎ ተናገረ። እናንተም ትንፋሽ ያዙ፤ እሱም ይዟል።

«ተነስ» አለ። «እሳቱ አልያዝም አለ፣ ሽምብራው አልገባም አለ፣ ድስቱ አልሄድም አለ፣ እትዬ ስንዱ አልቀዳም አሉ፣ ውሃዋ አልመጣም አለች፣ ሲሚንቶው አልቦካም አለ፣ ወለሉ አልስተካከልም አለ፣ ጠረጴዛው አልረጋም አለ፣ መጋዙ አልቆርጥም አለ፣ አልጋው አልጠብም አለ፣ ልጅቷ አልተኛም አለች።»

«አልነሳም» አለ ፍቅፋቂው፤ ድምፁ የሹክሹክታ ያህል ነው። «በአንተ እጅ አልነሳም። ይንቀጠቀጣል፣ ትበትነኛለህ። የማይንቀጠቀጥ እጅ አምጣ።»

ይመር ወደ ቤት ገባ። ሉባባ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሉባባ።»

«አቤት።»

«ፍቅፋቂ የሚሰበስብልኝ አጣሁ።»

«ለምን ትፈልገዋለህ?»

ነገራት። ሁሉንም፣ አንድ በአንድ፣ ከፍቅፋቂው እስከ አልጋው። ሉባባ አፏን ከፍታ ሰማች።

«የመጨረሻዋ ልጅ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ እኔን አልጠየቅከኝም?»

ይመር አሰበ። «እንጃ» አለ።

ሉባባ ከአልጋው ወረደች፣ ቀሚሷን ዘረጋች፣ ፍቅፋቂውን በሁለት እጇ እየዛቀች አስገባች። አንዷም አልተበተነችም። ፍቅፋቂው እሳቱን አስያዘ። እሳቱ ሽምብራውን ቆላ፤ አንድ ጎኑን አሳረረው፤ ይመር ከዚያ በፊት ቆልቶ አያውቅም። ሽምብራው ድስቱ ውስጥ ገባ። ድስቱም በፊት ለፊት በር፣ በአባትና በልጅ መካከል፣ ወደ እትዬ ስንዱ ሄደ።

እትዬ ስንዱ አንድ ፍሬ ቆረጠሙ።

«አርሯል።»

«አንድ ጎኑ ብቻ ነው» አለች ሉባባ።

«እንግዲያ በሌላው ጎኑ እበላዋለሁ። ቁጭ በሉ።» ተቀመጡ። ሦስቱም ሽምብራ ቆረጠሙ። ከዚያ እትዬ ስንዱ ተነሱ፣ አራት ጀሪካን ውሃ ቀዱ።

ውሃው ሲሚንቶውን አቦካ። ሲሚንቶው ወለሉን አለበሰ። ሦስት ቀን ጠበቁት። በሁለተኛው ቀን የእትዬ ስንዱ ዶሮ አምስት እርምጃ ሄደችበት፤ ተዉላት። በአራተኛው ቀን ይመር ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች፣ ወዴትም አልሄደችም። ወለሉ ተስተካከለ፤ አራቱ ሰዎች ደጅ ያወጡትን መጋዝ መለሱት፤ ጠረጴዛው ረጋ፤ መጋዙ፣ «እንግዲህ አምጣው» አለ።

ሉባባ ከእትዬ ስንዱ ጋር በሩ ላይ ቆማ አየች። ይመር ስለቱን ከእንጨቱ በላይ በጣት ውፍረት ከፍ አደረገው። የመምሪያውን ብረት ከፊትም ከኋላም ለክቶ አጠበቀው። ራስጌውን አስተኛ። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱ ግን መስመሩን ያዘለት። የዋንዛ ሽታ ቤቱን ሞላው። የእንጨት ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ ቀስ እያለ ወረደ፤ በልጅቷ ፀጉር ላይ፣ በእትዬ ስንዱ ነጠላ ላይ፣ በእሱ ሽፋሽፍት ላይ። ራስጌው፣ ግርጌው፣ ርብራቡ፣ ሁሉም እኩል ተቆረጡ። የተቆረጠውን ይመር ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ማንም አልነካውም።

ከሰዓት በኋላ አልጋው ገጠመ። ይመር በግድግዳው በኩል ተኛ። ሉባባ ወጣች፣ ጀርባዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች፣ ክርኗን ሆዱ ውስጥ ከተተች።

«ተጠጋ» አለች።

«ከዚህ ወዲያ ግድግዳ ነው።»

በእጇ ዳሰሰች። ግድግዳ ነው። በወዲህ በኩል ዳሰሰች፤ የአልጋው ጫፍ ነው። በዚያ በኩል የሚባል ነገር የለም።

«ሞላ» አለች። ሌላም ልትል ነበር፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

ይመር ክንዱ ደነዘዘ። አላንቀሳቀሰውም።

ተረቴ ይብቃ፣
ልጅ እንዳትነቃ።