የየሻረግ ንቦችና አልቀመጥ ያለው ዳኛ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል። ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ቀረብ ይበል። «ዛሬስ አይመቸኝም» የሚል ካለ ደግሞ ከሁሉም ፊት እሱ ይቀመጥ፤ ይህ ተረት የእሱ ነው።

የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት ሀብት ከጣራዋ ጠርዝ ሥር የተሰቀለ አንድ ቀፎ ንብ ብቻ ነው። ጨው ቢያልቅባት ማሩን ታያለች፤ ቀሚሷ ቢያልቅ ማሩን ታያለች፤ ሰው ቢታመምም ማር ይዛ ትጠይቃለች። ታዲያ አንድ የመስከረም ጠዋት ንቦቹ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ከቀፎው ግልብጥ ብለው ወጡና በረሩ። የሻረግም እንዲያርፉላት ጣሳ እየደበደበች፣ አፈር እየበተነች፣ ዓይኗን ከእነሱ ሳትነቅል በእሾሁም በጭቃውም ተከተለቻቸው። ንቦቹ ሄደው ሄደው ከአያ ሽባባው ጓሮ፣ ከዋንዛው ዛፍ ላይ ዐረፉ፤ አንዷ ባንዷ ላይ ተደራርበው ከቅርንጫፉ ተንጠለጠሉ።

አያ ሽባባው ከዋንዛው ሥር ቆሟል። ከዋንዛው ላይ ደግሞ ባዶ ቀፎ ሰቅሏል።

«አያ ሽባባው፣ ንቦቼን ልውሰድ» አለች የሻረግ።

«የትኞቹን?»

«እነዚያን፣ የተንጠለጠሉትን።»

«እነዚያማ እንግዶቼ ናቸው እታለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀፎውን በጥንጁት ጢስ ሳጥን የከረምሁት ለዝንብ መሰለሽ?»

«ከቤቴ ጀምሬ በዓይኔ ይዣቸው ነው የመጣሁት!»

«እኔ ደግሞ በጢስ ጠርቻቸው ነው የመጡት!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። የመንደሩ ሰው እንዳይዳኛቸው ግማሹ የእሷ ዘመድ ነው፣ ግማሹ የእሱ። የሚያዳላ ዳኛ ደግሞ ማንም አይፈልግም፣ ለራሱ ካላዳላለት በቀር።

ለዚህም የአገሩ ወግ መላ ነበረው። የተጣሉ ሰዎች የልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ይቋጥራሉ። ፍርድ ሳያገኙ አይፈቱትም፤ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይነቀነቃል። እንደተቋጠሩ መንገድ ዳር ይወጡና የማያውቃቸውን አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ይሉታል። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ተቀምጦ ይሰማል፤ ይፈርዳል። ይህን ወግ ሁሉም ይወደዋል፣ በራሱ ላይ እስኪደርስ ድረስ።

የሻረግ የነጠላዋን ጫፍ ከአያ ሽባባው ኩታ ጋር ቋጠረችና መንገድ ወጡ። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ይስማት። ብዙም ሳይቆይ አበጀ የሚባል ነጋዴ በርበሬ የጫነች አህያውን እየነዳ መጣ።

«በሕግ አምላክ!» አለች የሻረግ።

አበጀ ቆመ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። «ዛሬ? ዛሬ እኮ ገበያ ነው!»

«ንብ ገበያ አያውቅም ወንድሜ። አሁን ደመና ስለሆነ ነው የቆዩልን። ፀሐይ ከበረታ ተነሥተው ጫካ ይገቡና ለእኔም ለእሱም አይሆኑም። ተቀምጠህ ስማን ብቻ።»

«መቀመጡንስ እቀመጥ ነበር። ግን ይህችን አህያ አያችኋት? እኔ ስቀመጥ እሷ የሰው ጤፍ ውስጥ ናት። ሣር አምጡልኝ፤ እሷ ስትቆም እኔ እቀመጣለሁ።»

«ለምን አያስራትም?» የምትሉ አላችሁ። አህያዋን ስለማታውቋት ነው። ያን ሰሞን ብቻ ሦስት ገመድ በጥሳ አንዱን በልታዋለች።

እናም አህያዋ አልቆም አለች፣ ነጋዴው አልቀመጥ አለ፣ ንቦቹም ከቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል።

የሻረግና ሽባባው እንደተቋጠሩ ወደ ሙላት ሄዱ። ሙላት ባለ ሣር ነው፤ የአያ ሽባባው አማች ስለሆነም ለዳኝነት አይሆንም። ሣሩ ግን ዘመድ የለውም።

«ሙላት፣ አንድ እቅፍ ሣር እጨድልን። ሣሩ አህያዋን ያቆማል፣ አህያዋ ነጋዴውን ታስቀምጣለች።»

«በደስታ! ግን በምን ልጨደው? የማጭዴ ጥርስ እንደ አያቴ ጥርስ አልቋል።»

«በእጃችን እንንጨው» አለ ሽባባው።

«ከነሥሩ ልትነቅሉልኝ? ሞቼ እገኛለሁ! ማጭዱን ለባለእጁ ውሰዱትና ጥርስ ያውጣለት።»

እናም ማጭዱ አልቆርጥ አለ፣ ሣሩ አልታጨድ አለ፣ አህያዋ አልቆም አለች፣ ነጋዴው አልቀመጥ አለ፣ ንቦቹም ከቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል።

ማጭዱን ይዘው ወደ ባለእጁ ወደ ቢምረው ወረዱ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን አያስኬድም። የሻረግ ስትቀድም ሽባባው ይጎተታል፤ ሽባባው ሲቀድም የሻረግ ትጎተታለች። እየተጎተቱም ክርክራቸውን አላቆሙም። እሷ ስለ እሾሁ ትናገራለች፣ እሱ ስለ ጥንጁቱ። እሷ ስለ አንድ ቀፎዋ ትናገራለች፣ እሱ ባዶውን ስለሚያድረው ቀፎው። ቢምረው ዘንድ ሲደርሱ አንዱ የሌላውን ነገር በቃሉ አጥንቶት ነበር።

ቢምረው የየሻረግ የአባቷ ወንድም ነው፤ እሱም ለዳኝነት አይሆንም። ከምድጃው ፊት ተቀምጦ በባዶ እጁ አመድ ያራግባል።

«አባባ፣ ይህን ማጭድ ጥርስ አውጡለት።»

«ልጄ፣ ብረት ያለ እሳት ምን ይሆናል? እሳቱ አልነድ አለኝ።»

«ለምን አይነድም?»

«ወናፉ ስለማይነፋ ነዋ! ይኸውልሽ፣ እዚህ ላይ ተቀዶ ትንፋሹ ሁሉ ወደ ጎን ይወጣል። መዳፍ የምታህል የለፋች ቆዳ ብታመጡልኝ እጥፈው ነበር። ከወንዙ ማዶ ባንቺወሰን የምትባል ቆዳ አልፊ አለች፣ እሷን ጠይቋት።»

እናም ወናፉ አልነፋ አለ፣ እሳቱ አልነድ አለ፣ ማጭዱ አልቆርጥ አለ፣ ሣሩ አልታጨድ አለ፣ አህያዋ አልቆም አለች፣ ነጋዴው አልቀመጥ አለ፣ ንቦቹም ከቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል።

ወንዙን እንዴት እንደተሻገሩ አትጠይቁኝ። ሽባባው አዳለጠው፤ የሻረግ በነጠላዋ ጎትታ አወጣችው። አመሰግናለሁ ሊል አፉን ከፈተና ተከራካሪ መሆኑ ትዝ ብሎት ዘጋው።

ማዶው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሯል።

«ባንቺወሰን የምትባለዋን ታውቃላችሁ?» አለች የሻረግ።

«እኔ ነኝ» አለች አንደኛዋ። «ይህችም ጎረቤቴ ማሬ ናት። ውሻዋ ያሰጣሁትን ቆዳ በላብኝ።»

«ከደጄ አጠገብ ማን ዘርጊው አላት?» አለች ማሬ። «ውሻ ጋብዛ ስታበቃ በላብኝ ትላለች!»

የሻረግ የመጣችበትን ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ መዳፍ የምታህል ቆዳ።

«የለፋች የምትባል ቆዳ አለችኝ» አለች ባንቺወሰን። «ጥቂት መረገጥ ነው የቀራት። ግን ከማሬ ጋር ተቋጥሬ እንዴት ልርገጣት? ከማለዳ ጀምሮ ዳኛ እንጠብቃለን። አንዱ ጠላ ተጥዶብኛል አለ፣ አንዱ ጥርሴን አሞኛል አለ። እናንተ ደግሞ አታውቁን፣ አናውቃችሁ። በሕግ አምላክ! ተቀመጡና ፍረዱን።»

«እኛ?» አለች የሻረግ። ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ደመናው ተሰንጥቆ ፀሐይ ብቅ ብላለች። «እህቴ፣ ዛሬስ አይመ...»

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ጠዋት አበጀ እንዲህ ሲላት ምን ያህል እንደተናደደች ታወሳትና አፈረች፤ ፊቷ ጋለ። ንቦቹ አሁን ቢነሡ ባዶ ቀፎ ይዛ መቅረቷ ነው። ይህን እያወቀች ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች። ሽባባውም ተቀመጠ፤ ተቋጥሮ የት ይሄዳል?

እናም ዳኛ አልገኝ ሲል፣ ቆዳው አልለፋ አለ፣ ወናፉ አልነፋ አለ፣ እሳቱ አልነድ አለ፣ ማጭዱ አልቆርጥ አለ፣ ሣሩ አልታጨድ አለ፣ አህያዋ አልቆም አለች፣ ነጋዴው አልቀመጥ አለ፣ ንቦቹም ከቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል፣ ካሉ ነው እንግዲህ።

የሻረግ ባንቺወሰንን እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ሽባባው ማሬን እስከ መጨረሻው ሰማት። ማሬ ስለ ውሻው ጠባይ ስትናገር ረዘም አለ፤ እሱንም ሰሙት። ከዚያ ሁለቱ ዳኞች ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾኩ። ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ማሬ፣ ውሻው ያንቺ ነው» አለች የሻረግ። «ለመስቀል የምታርጂው በግ ቆዳው ለባንቺወሰን ይሁን።»

«ባንቺወሰን፣ አንቺም ከእንግዲህ ቆዳሽን ከራስሽ ጓሮ ወጥሪ» አለ ሽባባው። «ለውሻ ደጅ ላይ ምሳ አይዘረጋም።»

ማሬ ሳቀች። ባንቺወሰንም መሳቅ ባትፈልግም ሳቀች። ሁለቱ ሴቶች ቋጠሯቸውን ፈቱና ቆዳዪቱን አምጥተው መሬት ላይ ጣሏት፤ አራቱም ረገጧት፤ የሻረግማ ከሁሉም አብልጣ ረገጠች። ባንቺወሰን መዳፍ የምታህል ቆርጣ ሰጠቻቸው።

ከዚያ ሩጫ! ዳኛ ተገኘ፣ ቆዳው ለፋ፣ ወናፉ ነፋ፣ እሳቱ ነደደ፣ ማጭዱ ቆረጠ፣ ሣሩ ታጨደ፣ አህያዋ ቆመች። አህያዋ ስትቆም ነጋዴው የሚያቀርበው ሰበብ አለቀበት። ከጤፍ ጤፍ ሲያባርራት ስለዋለ እግሩም ዝሏል።

ነጋዴውም ተቀመጠ።

ከተቀመጠበት ዋንዛው ይታያል። ንቦቹ አሁንም ተንጠልጥለዋል፤ ግን መንጫጫት ጀምረዋል፤ አንዳንዷም እየተነሣች ትዞራለች።

«ጊዜ የለም» አለ አበጀ። «እንዲህ እናድርግ። ሁሉም የራሱን ነገር ሲያሳምር ያመሻል። እታለም፣ አንቺ የእሱን ንገሪኝ። አያ ሽባባው፣ አንተ የእሷን ንገረኝ።»

«እሱ» አለች የሻረግ፣ «ቀፎውን ሦስት ሳምንት በጥንጁት አጥኗል። ዝናብ ሲጥል ልብሱን አውልቆ አልብሶታል። ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ይለጥፍበታል፤ ምንም የለም፤ ማታ ደግሞ ያጥነዋል። ዛሬ ንብ ሲመጣለት ደስታው ምን ያህል እንደነበር...»

«እሷ» አለ ሽባባው፣ «ከደጇ ጀምራ ዓይኗን ሳትነቅል መጣች። እሾህ ወጋት፣ አልተቀመጠችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይኸው አንድ ቀፎ ነው። እኔ ንብ ባይገባልኝ ባለ በሬ ነኝ። እሷ እነዚህን ካጣች...» ኩታውን አየ፣ ነጠላዋን አየ። «ይህን በአፌ ተናግሬ ንቡን እንዴት ነው የምወስደው?» አለና ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ።

«ቆይ እንጂ፣ ልፍረድ!» አለ አበጀ ተቆጥቶ። «ገበያዬን ትቼ ተቀምጬ እንዲሁ አትፈቱም። ንቦቹ የየሻረግ ናቸው። አያ ሽባባው ያጠነው ቀፎ ስለተዘጋጀ በዚያ ይግቡ፣ ከነቀፎው ትውሰዳቸው። ሲበዙ መጀመሪያ የሚወጣው መንጋ የአያ ሽባባው ይሁን። አሁን ፍቱት!»

ፈቱት። ሽባባው ዋንዛው ላይ ወጥቶ ቀፎውን አወረደላት፣ የሻረግ ከሥር ደገፈችው። አንድ ጊዜ ቅርንጫፉን ቢነቀንቀው ንቦቹ ዱብ ብለው ወደቁና ጢሱ ወደሚሸትተው ጨለማ ገቡ። የሻረግ ጆሮዋን ለጠፈች። ሲያጉረመርሙ ሰማቻቸው። አለቀሰችም፣ ሳቀችም።

አበጀ ልብሱን እያራገፈ ተነሣ። «እኔማ ምን ሠራሁ?» አለ። «ነገሩን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ተቀምጠህ ሰማኸን» አለች የሻረግ። «ከጠዋት ጀምሮ የለመንሁት ይህንኑ ነው።»

እኔም ይኸው ተናግሬ ጨረስሁ፣ እናንተም ተቀምጣችሁ ሰማችሁኝ፤ ቋጠሯችን ተፈታ፣ ሂዱ ወደ ሥራችሁ።