ምክንያት ያልነበረው ሽርጥ

አንድ ሰሌን ሻጭ ነበር፤ አያ ላቀው ይባላል። ባደገበት ቆላ ወንዱ ሁሉ ሽርጥ ያገለድማል። ሚስቱ ጠጄ በጠና ብትታመምና የቆላውን ሙቀት ባትችለው፣ ይዟት ወደ አንዲት የደጋ ከተማ ወጣ፤ ሽርጡን እንዳገለደመ።

በዚያች ከተማ ወንድ ልጅ ከሱሪ ሌላ አያውቅም። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። አንድ ጎረምሳ፣ «እማማ፣ ሰሌኑ ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«እማማ እቤት ተኝታለች፤ የሰሌኑን ዋጋ እኔን ጠይቅ» አለው።

ሳቁንስ ቻለው። የሰለቸው ጥያቄው ነበር።

«ስለት አለብህ?»

«የለብኝም።»

«ቆስለህ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው ተወራርደሃል!»

«ኧረ ከማን ጋር!»

«ታዲያ ለምን?»

«ስለሚመቸኝ።»

ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። ስለት ቢሆን በመረቁት፣ ቁስል ቢሆን ባዘኑለት።

ጠጄ እየደከመች ሄደች። በዚያ አገር ደግሞ እድር የሌለውን ሰው የሚቀብረው የለም። አያ ላቀው የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄዶ አባልነት ለመነ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ ጎን ወስደው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አያ ላቀው፣ ሰዎቹ ቀሚስ ለባሽ አናስገባም ብለዋል። ሱሪውን እንቢ ካልክ ስለት ነው በላቸው። ማን ይመረምርሃል? እንዲያውም አክብረው ያስቀምጡሃል።»

የጠጄ ፊት ታየው። እሺ ሊል ምንም አልቀረውም፤ ግን ተመልሶ ነገራት።

ጠጄ በተኛችበት ሳቀች። «እኔ እቀበርና አንተ ከውሸቱ ጋር ትኖራለህ? ነገ ደግሞ ስለትህ መቼ ነው የሚያልቀው ይሉሃል። አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሽርጥ አይደል ያገባኸኝ? ሂድ፣ እውነቱን ንገራቸው።»

ሄዶ ነገራቸው። አልተቀበሉትም።

አያ ላቀው ግን የአገሩን ወግ ያውቃል፤ ቃሬዛ ስር የገባን ትከሻ ማንም አያስወጣም። ከዚያ ወዲያ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ሳይጠሩት፣ በሽርጡ ይመጣና ትከሻውን ያስገባል። አፈር ያለብሳል፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ይሄዳል። በማግስቱ ገበያ ላይ ያው ይስቁበታል። እሱም ያው ይመጣል።

ጠጄ በክረምት ሞተች። እድሩ በደንቡ መሠረት ድንኳን አልተከለም። ቢሆንም አባቶቻቸውንና እናቶቻቸውን ከተሸከመላቸው ሰዎች ግማሾቹ፣ ዳኛውን ጨምሮ፣ በዝናብ መጥተው ቃሬዛዋን አነሱ። ግማሾቹ ግን በአጥራቸው ቀዳዳ እያዩ ቀሩ። አያ ላቀው የመጡትን አመሰገነ፤ የቀሩትን ስም አላነሳም።

ልብ በሉ። ከእኛ የተለየውን ሰው የምንምረው ታምሞ፣ ተስሎ ወይም ተገድዶ ሲሆን ነው። ወዶና ተመችቶት የተለየውን ግን ምክንያት ውለድ ብለን እናስጨንቀዋለን፤ ከዋሸን እናከብረዋለን፤ እውነቱን ከነገረን ቀብር እንነፍገዋለን። ከዚያም ጨዋነት ነው እንላለን።

እናንተስ፣ ለራሳችሁ ደስ እንዲላችሁ ስትሉ ስንት ሰው አስዋሽታችኋል?