ደንቡን የጠበቁ ቀባሪዎች

በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ አናጢ ነበር። ከአሮጊት እናቱ በቀር ዘመድ የለውም። እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ጭንቀታቸው ግን አንድ ነው። "ልጄ፣ ዕድርህን አክብር፤ ያለ ሰው እንዳልቀበር" ይሉታል። እሱም ያከብራል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው እሱ ነው።

አንድ ቀን የወይዘሮ ዘነበች ባል ሞቱና ሰፈሩ ለቀብር ወጣ። ልጅ የሌላቸው ወይዘሮ ዘነበች ከሰው ኋላ ቀርተው፣ መንገድ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሰዉ ዞር ብሎ አይቶ አለፈ። ለምን ይመስላችኋል? መቃብር ላይ ስም ይጠራላ! በዕድሩ ደንብ ሲጠራ ያልተገኘ ይሰረዛል።

አናጢው ግን ሴትዮዋን አዝሎ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው፤ እስኪነቁም አጠገባቸው ተቀመጠ። መቃብር ላይ ስሙ ተጠራ፤ አቤት የሚል ጠፋ።

ሰረዙት። ወይዘሮ ዘነበች በስብሰባው ተነሥተው፣ በሕይወት የቆሙት በእሱ መሆኑን ተናገሩ። ሰብሳቢው አቶ ጥላዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እትዬ ዘነበች፣ እናዝናለን፤ ደንብ ግን ደንብ ነው።" አባላቱም ልክ ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ጭንቅላት ምን ትሉታላችሁ? እኔስ መላ አጣሁለት።

አናጢው ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ደንቡን አነበቡ። ቃሉ ግልጽ ነው፣ ግልጽ ቃል ትርጉም አያሻውም፣ "ያልተገኘ" ይላል፣ አንተም አልተገኘህም ብለው ወሰኑ። ያልተገላበጠ ያራል ይባላል፤ እሳቸው ደንቡን አንዴ እንኳ አላገላበጡትም።

ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሲጓተት እናቱ ዐረፉ። ድንኳን አልመጣም። ጎረቤቱ የተሰረዘ ሰው ለቅሶ ብንደርስ እኛም እንሰረዛለን ብሎ በየበሩ ቆሞ አየ። ሳጥኑን የሠራው ልጃቸው ራሱ ነው። የተሸከሙት እሱና ከሌላ ሰፈር የለመናቸው ሰዎች ናቸው። ከኋላ እያለቀሱ የተከተሉት ወይዘሮ ዘነበች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ይግባኙ ተሰማ። የይግባኙ ዳኛ አቶ ጥላዬን አስነሥተው ጠየቁ።

"ይህን ደንብ ለምን አወጣችሁት?"

"ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀር ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"ያን ዕለት ሐዘንተኛዋ ከማን ጋር ነበሩ?"

አቶ ጥላዬ ዞረው አናጢውን አዩት። ዳኛውም ደንብ ከወጣበት ምክንያት ተነጥሎ አይነበብም፣ በዚያ ቀን ደንቡን የጠበቀው አናጢው ብቻ ነው ብለው ፍርዱን ሻሩት።

አናጢው እጅ ነሣ። "ጌታዬ፣ ፍርዱ ትክክል ነው። እናቴ ግን ያለ ሰው ተቀብራለች" አለና ወጣ።

ወገኖቼ፣ በመጀመሪያው ዳኛ ላይ ጥርሳችሁን አትንከሱ። ዳኞቹ እናንተ ናችሁ! ለራሳችሁ ሲሆን "ምክንያቴ ይታይልኝ" ትላላችሁ። ለጎረቤት ሲሆን ቃሉ ግልጽ ነው። ለልጃችሁ ሚስት ቃሉ ግልጽ ነው። ለቤት ሠራተኛችሁ ቃሉ ግልጽ ነው። ስንት ጊዜ ልናገር? ሰለቸኝ እኮ!

ዛሬም እዚህ ጉባኤያችን ላይ ያልተገኘ ሰው አለ። ታውቁታላችሁ፤ በር ላይ ስታሙት ሰምቻለሁ። ለምን እንደቀረ የጠየቀ አለ? ምናልባት ከወደቀ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይሆናል። ምናልባት የወደቀው እሱ ራሱ ነው። ከዚህ ስትወጡ ሄዳችሁ የቤቱን በር አንኳኩ። ይግባኙ እስኪሰማ አትጠብቁ።